ፕሮግራሙ የትኛው ፕሮሰሰር ላይ ነው? ኤችቶፕን በዚህ ጥያቄ ስመዝነው

በቀጥታ ልግባበት። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሰው ኤችቶፕን፣ እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን በተርሚናል የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ሳያውቅ አይቀርም። ከላይ የፕሮሰሰሮቹ ባለ ቀለም መስመሮች አሉ፣ ከታች የፕሮግራሞቹ ዝርዝር። ብዙ ሰው ይከፍተዋል፣ መስመሮቹ ሞልተው ካየ "ሰርቨሩ ተጨናንቋል" ይላል፣ ይዘጋዋል። እኔ ዛሬ የምገመግመው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ይሄ እየሠራ ያለ ፕሮግራም የትኛው ፕሮሰሰር ላይ ነው ያለው? ኤችቶፕ ይህን በደንብ ይመልሳል። ግን ተጭኖ እንደተከፈተ አይመልስም፣ እናንተ ማዘዝ አለባችሁ። ሳታዙት የምታዩት ቁጥር ደግሞ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው።

ጥያቄው ለምን ያስፈልጋል የሚል ካለ እንዲህ እናስብ። ባለ 8 ኮር ሰርቨር አለ፤ ኮር ማለት የፕሮሰሰሩ አንድ የሥራ ክፍል ነው፣ ሊኑክስ ለብቻው እንደ አንድ ፕሮሰሰር ይቆጥረዋል። አጠቃላዩን ስታዩት የተያዘው 12 ወይም 13 ከመቶ ብቻ ነው። ደንበኛው ግን "ሲስተም የለም" ተብሎ ወረፋ ላይ ቆሟል። ኃላፊው ገበታውን አይቶ "ሰርቨሩ እኮ ሥራ ፈትቷል፣ ችግሩ ኔትወርክ ነው" ይላል። 100ን ለ8 አካፍሉት፣ 12.5 ይመጣል። ማለትም አንድ ኮር ሙሉ በሙሉ ተይዞ ሰባቱ ቁጭ ብለው ሊሆን ይችላል። ሬዲስ የሚባለው ዳታቤዝ ትእዛዞቹን የሚያስፈጽመው በአንድ ትሬድ ነው፤ ትሬድ ማለት በፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው የሚሄድ የሥራ መስመር ነው። ጃቫስክሪፕትን የሚያስኬደው ኖድ ጄኤስም የምትጽፉለትን ኮድ የሚያስኬደው በአንድ ዋና ትሬድ ነው። ፓይተንም በተለመደው አሠራሩ በአንድ ጊዜ ከአንድ ትሬድ በላይ የፓይተን ኮድ አያስኬድም። እንዲህ ላለ ፕሮግራም 8 ኮሩን ወደ 16 ብታሳድጉት በየወሩ በዶላር የምትከፍሉት ይጨምራል እንጂ ፍጥነቱ ያው ነው። ዶላር ለማግኘት ስንት ጣጣ እንዳለው ለምታውቁ ሰዎች ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ ከመጨመራችሁ በፊት ፕሮግራሙ የት እንዳለ እዩ።

ኤችቶፕን የጀመረው ሂሻም ሙሐመድ የተባለ ብራዚላዊ ፕሮግራመር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004። ለብዙ ዓመት እሱ ይዞት ቆየ። በ2020 ሌሎች ፕሮግራመሮች ተሰባስበው ሥራውን ተረከቡ፣ በዚያው ዓመት 3.0 ወጣ። ነፃ ነው፣ ክፍት ምንጭ ነው፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ማሽኑን አይከብድም። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ በአፕት በአንድ ትእዛዝ ይጫናል። ሬድ ሃትና ቤተሰቦቹ ላይ ኢፔል የሚባለውን ተጨማሪ የሶፍትዌር ማከማቻ መጀመሪያ ማብራት ያስፈልጋል። ስለ መጫኑ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

አሁን ዋናው። ተጭኖ እንደተከፈተ የሚታየው "ሲፒዩ ፐርሰንት" የሚለው ኮለም ፕሮግራሙ ምን ያህል እየበላ እንደሆነ ይነግራችኋል፣ የቱ ፕሮሰሰር ላይ እንደሆነ አይነግራችሁም። 100 ከመቶ ማለት የአንድ ኮር ሙሉ ጉልበት ነው። 340 ካያችሁ ፕሮግራሙ ብዙ ትሬድ አለው፣ ከሦስት ኮር በላይ ጉልበት እየወሰደ ነው ማለት ነው። የቱን ኮር? እሱን ለማወቅ ኤፍ2 ተጫኑ፣ ማስተካከያው ይከፈታል። በአዲሶቹ ቅጂዎች "ስክሪንስ" በሚለው፣ በቆዩት ደግሞ "ኮለምስ" በሚለው ሥር ግቡ። በቀኝ በኩል ካለው ዝርዝር "ፕሮሰሰር" የሚለውን ፈልጉና በኤፍ5 ጨምሩት። በኤፍ10 ውጡ። አለቀ። ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ ፕሮግራም መስመር ላይ የፕሮሰሰሩ ቁጥር ይወጣል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያ ቅሬታዬን ላስቀምጥ። የጨመራችሁት ኮለም ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ርዕሱ "ሲፒዩ" ብቻ ነው። ከጎኑ "ሲፒዩ ፐርሰንት" አለ። ሁለቱም ቁጥር ናቸው፣ ሁለቱም ጠባብ ናቸው። ሌሊት በጭንቀት መሀል ለሚያይ ሰው በጣም ያምታታል። እኔ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ከፕሮግራሙ መለያ ቁጥር ቀጥሎ ወደ ግራ አስጠግቼዋለሁ፣ ፐርሰንቱ በቀኝ ይቀራል። ቦታ መቀየር እዚያው ማስተካከያው ውስጥ ይቻላል። እንዲህ ሲለያዩ ዓይን አይሳሳትም።

ሁለተኛው ቅሬታ የበለጠ ከባድ ነው። የቆዩ የኤችቶፕ ቅጂዎች ፕሮሰሰሮቹን ከ1 ጀምረው ይቆጥራሉ። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ ራሱ ግን ከ0 ነው የሚጀምረው። ሌሎቹ ትእዛዞች፣ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝረው ፒኤስም፣ ፕሮግራምን ፕሮሰሰር ላይ የሚያስረው ታስክሴትም፣ ፕሮሰሰሮቹን የሚዘረዝረው ኤልኤስሲፒዩም ከ0 ይጀምራሉ። ስለዚህ በቆየ ሰርቨር ላይ ኤችቶፕ "4" ሲላችሁ ሌሎቹ "3" ይላሉ። አንድ ፕሮግራም ፕሮሰሰር 3 ላይ እንዲታሰር አዝዛችሁ ኤችቶፕ ላይ 4 ላይ ስታዩት ትእዛዙ ያልሠራ ይመስላችኋል፤ ሠርቷል። አዲሶቹ ቅጂዎች ከ0 ይጀምራሉ፣ ከ1 ይጀምር የሚል ምርጫም በማስተካከያው ውስጥ አለ። የምታስተዳድሯቸው ሰርቨሮች ዕድሜያቸው የተለያየ ከሆነ ሁሉንም ወደ 0 አምጧቸው። በተለይ አንዱ ሰው ስክሪን እያየ ሌላው በስልክ ቁጥር እየጠየቀ የሚሠራ ቡድን ከሆነ ይሄን ዛሬውኑ አድርጉት።

ወደሚያስደስተኝ ልለፍ፣ ትሬዶቹ። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ፕሮሰስ (ለብቻው የሚሠራ ፕሮግራም) ይከፍታል። ስለዚህ ኤችቶፕ ላይ እያንዳንዱ ለብቻው መስመር አለው፣ ለብቻው የፕሮሰሰር ቁጥር አለው፣ ማንበቡ ቀላል ነው። ማሪያዲቢና ማይኤስኪውኤል የሚባሉት ዳታቤዞች ግን እያንዳንዳቸው አንድ ፕሮሰስ ናቸው፣ ሥራው በውስጣቸው ባሉ ትሬዶች ተከፋፍሏል። የዋናውን መስመር ብቻ ካያችሁ አንድ ቁጥር ታያላችሁ፣ "ዳታቤዙ ፕሮሰሰር 5 ላይ ነው ያለው" ትላላችሁ። ስህተት ነው። ያ ቁጥር የዋናው ትሬድ ብቻ ነው፣ ዋናው ትሬድ ደግሞ ብዙ ጊዜ አድፍጦ ግንኙነት የሚጠብቅ ነው። ከባዱን መጠይቅ የሚያስኬደው ትሬድ ፕሮሰሰር 2 ላይ እየነደደ ሊሆን ይችላል። ኤችቶፕ ላይ ካፒታል ኤች የፕሮግራሞቹን ትሬዶች ያሳያል ይደብቃል። ካፒታል ኬ ደግሞ የከርነሉን ትሬዶች ያሳያል ይደብቃል። በኤፍ5 ዛፍ አድርጋችሁ ስታዩት የማን ትሬድ እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እያንዳንዱ ከነፕሮሰሰር ቁጥሩ። በኤፍ4 በስም አጣሩት፣ ወይም ገና ስትከፍቱት ስሞል ፒ በሚለው ምርጫ የምትፈልጉትን ፕሮግራም ቁጥር ብቻ ስጡት፣ ሌላው ሁሉ ከዓይናችሁ ይጠፋል። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ስክሪን አላየሁም፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው።

ቢሆንም ቁጥሩ ምን እንደሆነ በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። ኤችቶፕ የፈጠረው ነገር አይደለም፣ ከርነሉ ነው የሚጽፈው። ሊኑክስ ላይ "ፕሮክ" በሚባለው ማውጫ ሥር ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ፎልደር አለ፣ በውስጡ "ስታት" የሚባል ፋይል አለ፣ በዚያ ፋይል 39ኛው ቁጥር ነው ፕሮሰሰሩን የሚናገረው። ከከርነል 2.2.8 ጀምሮ ያለ ነው። ትርጉሙም ፕሮግራሙ መጨረሻ የሠራበት ፕሮሰሰር ማለት ነው። የተኛ ፕሮግራምም ቁጥር አለው፣ ከመተኛቱ በፊት የነበረበትን። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ስታዩ የሁኔታውን ኮለምም አብራችሁ እዩ። "አር" ከሆነ እየሠራ ነው ወይም ተራ እየጠበቀ ነው። "ኤስ" ከሆነ ተኝቷል፣ ቁጥሩ ያለፈ ታሪክ ነው።

ደግሞ ኤችቶፕ በራሱ የሚታደሰው በየ1.5 ሰከንዱ ነው። በዚያ መሀል ከርነሉ ፕሮግራሙን ብዙ ጊዜ ሊያዘዋውረው ይችላል። ሥራን የሚያከፋፍለው የከርነሉ ክፍል ከ2007 ጀምሮ ሲኤፍኤስ ይባል ነበር፣ በ2023 በወጣው ከርነል 6.6 ኢኢቪዲኤፍ በሚባል ሐሳብ ተተክቷል። በሁለቱም ዘመን የከርነሉ ባሕርይ ተመሳሳይ ነው፤ ፕሮግራሙን በነበረበት ኮር ላይ ለማቆየት ይሞክራል፣ ያ ኮር ከተጨናነቀ ግን ወደ ሌላ ያዛውረዋል። መዛወሩ በነፃ አይደለም። ልብስ ሰፊውን "ተነስና እዚያኛው መኪና ላይ ስፋ" ብትሉት ክሩንም መቀሱንም እንደገና ማሰናዳት እንዳለበት ሁሉ፣ ፕሮግራሙም አዲሱ ኮር ላይ ሲደርስ ካሽ በሚባለው የኮሩ ቅርብ ማስቀመጫ ውስጥ የራሱ ዳታ የለም፣ ከሩቅ እያመጣ ይሞላል። ስለዚህ ኤችቶፕ ላይ ቁጥሩ በታደሰ ቁጥር ሲቀያየር ካያችሁ ራሱ መረጃ ነው። ምን ያህል ጊዜ እንደተዛወረ በቁጥር ከፈለጋችሁ እዚያው ፕሮክ ውስጥ "ስኬድ" የሚባል ፋይል አለ፣ ከርነሉ እንዲያወጣው ተደርጎ ከተሠራ የመዛወሩ ቆጠራ እዚያ ይገኛል።

ለመሆኑ ከነዚህ ኮሮች ውስጥ የትኞቹ ላይ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል? ይሄ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሰው ሁልጊዜ ይቀላቅለዋል። የሠራበት አንድ ነገር ነው፣ የተፈቀደለት ሌላ። ኤችቶፕ ላይ ፕሮግራሙን መርጣችሁ ስሞል ኤ ተጫኑ። በግራ በኩል የፕሮሰሰሮቹ ዝርዝር ይወጣል፣ የተፈቀዱት ምልክት አላቸው። በስፔስ ምልክቱን ታነሳላችሁ ወይም ታደርጋላችሁ፣ በኢንተር ታጸድቃላችሁ። አንድ ፕሮግራም አንድ ኮር ላይ ብቻ ተጣብቆ ከቀረ መጀመሪያ የማየው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም አንዳንዴ ከዓመታት በፊት የሆነ ሰው "ይፈጥናል" ብሎ አስሮት የሄደ ነው፣ ሰውየውም ከመሥሪያ ቤቱ ለቋል፣ ማስታወሻም አልተወም።

ስሞል ኤ ኃይለኛ ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሌላ ተጠቃሚ ፕሮግራም ከሆነ የሩት፣ ማለትም የዋናው አስተዳዳሪ፣ ሥልጣን ያስፈልጋችኋል። ለውጡ የሚነካው የመረጣችሁትን መስመር ነው፣ ቀድመው የተፈጠሩ ትሬዶችና ልጅ ፕሮሰሶች ባሉበት ይቀራሉ፣ ከዚህ በኋላ የሚፈጠሩት ናቸው የሚወርሱት። ሁሉንም በአንዴ ለመቀየር የታስክሴት ትእዛዝ ስሞል ኤ የሚል ምርጫ አለው፣ እሱ የፕሮግራሙን ትሬዶች በሙሉ ይይዛል። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ዘላቂ ከፈለጋችሁ አገልግሎቶችን በሚያስነሳው በሲስተምዲ የአገልግሎቱ ፋይል ውስጥ "ሲፒዩ አፊኒቲ" በሚለው መስመር ነው የሚጻፈው። እኔ ግን ምክንያቱን በመለኪያ ካላሳያችሁኝ ባታስሩት እመርጣለሁ። ከርነሉ አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ይሻላል።

እስቲ ከሌሎቹ ጋር እናወዳድረው።

ፒኤስ። የትም ዩኒክስ ላይ አለ፣ አይጫንም፣ አይለመንም። ሊኑክስ ላይ "ሰረዝ ኢኦ" ብላችሁ ከዚያ የምትፈልጓቸውን ኮለሞች በኮማ ትዘረዝራላችሁ፤ ፒአይዲ፣ ፒኤስአር፣ ፒሲፒዩ፣ ኮም። ፒኤስአር የሚለው ነው የፕሮሰሰሩ ቁጥር። ትሬዶቹንም ለማየት ካፒታል ኤል ጨምሩበት። ለስክሪፕት ከፒኤስ የሚሻል የለም። ብዙዎቻችንን የሚሸውድ አንድ ነገር ግን አለው። ፒኤስ የሚያሳየው ፐርሰንት ፕሮግራሙ ከተነሳ ጀምሮ ያለው አማካይ ነው። ለሳምንት ተኝቶ አሁን የነደደ ፕሮግራም ፒኤስ ላይ 1 ከመቶ ሊል ይችላል፣ ኤችቶፕ ላይ 100። ሁለቱም አልዋሹም፣ የሚለኩት ጊዜ ነው የተለያየው። የፕሮሰሰሩን ቁጥር ከፒኤስ ውሰዱ፣ የአሁኑን ፍጆታ ግን ከፒኤስ አትጠብቁ።

ቶፕ። ኤችቶፕ መጫን በማይፈቀድበት ሰርቨር፣ ባንክ ውስጥ እንደሚያጋጥመው ማለት ነው፣ ቶፕ በቂ ነው። ስሞል ኤፍ ተጫኑ፣ "መጨረሻ የተጠቀመበት ሲፒዩ" የሚለውን ፈልጉ፣ በስፔስ ምልክት አድርጉበት፣ በኪው ውጡ። ካፒታል ደብልዩ ከተጫናችሁ ለሚቀጥለውም ያስቀምጠዋል። ቁጥር 1ን ስትጫኑ ፕሮሰሰሮቹ አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ። ይሠራል፣ ግን ለዓይን አድካሚ ነው።

ፒድስታት ከሲስስታት ጥቅል ጋር ነው የሚመጣው። የፕሮግራሙን ቁጥርና "በየ1 ሰከንዱ" ብላችሁ ስትሰጡት በየሰከንዱ አንድ መስመር ይጽፋል፣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ፍጆታውም የፕሮሰሰሩም ቁጥር አለ። ለሪፖርት የሚቀርብ ማስረጃ ስትፈልጉ ይሄ ከኤችቶፕ ይበልጣል፣ ምክንያቱም የወጣውን ወደ ፋይል አድርጋችሁ ለአለቃ መላክ ትችላላችሁ።

ኤቶፕ ደግሞ ያለፈውን ያውቃል። ኤችቶፕ ምንም ታሪክ አይዝም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ቆሞ ጠዋት ብትደርሱ ኤችቶፕ የሚነግራችሁ የአሁኑን ሰላም ነው። ኤቶፕ አገልግሎቱ በርቶ ከቆየ በየ10 ደቂቃው የወሰደውን ምስል ፋይል ውስጥ ታገኛላችሁ፣ በፕሮሰሶቹ ዝርዝር ውስጥም "ሲፒዩ ኤንአር" የሚል የፕሮሰሰር ቁጥር ኮለም አለው። አስፈላጊ ሰርቨር ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ቢኖሩ ደስ ይለኛል።

ኤችቶፕ ለዚህ ጥያቄ ከ5 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ታሪክ ስለማይዝና ያ ኮለም ሲከፈት ስለማይታይ ነው። 4ቱ ደግሞ ለትሬዶቹ፣ ለዛፉ፣ ለስሞል ኤ እና ለፍጥነቱ ናቸው።

ሊኑክስ ላልሆነ ዩኒክስ ትንሽ ልበል፣ እዚያ ነገሩ ይለያያልና። ፍሪቢኤስዲ ላይ የራሱ ቶፕ ብዙ ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ላይ "ሲ" የሚል ኮለም ያወጣል፣ ፕሮሰሰሩ እሱ ነው፣ ምንም መጫን አያስፈልግም። የተፈቀደለትን ለማየት ሲፒዩሴት አለ። ሶላሪስ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እዚያም ፒኤስ "ፒኤስአር" የሚል ኮለም አለው፣ ስሙ ከሊኑክሱ ጋር አንድ ነው፣ የሚያሳየው ግን ፕሮግራሙ የታሰረበትን ፕሮሰሰር ነው፣ የሠራበትን አይደለም። ካልታሰረ ቁጥር አታዩም። ከሊኑክስ ወደ ሶላሪስ የሚሻገር ሰው ይሄን ካላወቀ ኮለሙ የተበላሸ ይመስለዋል። ኤአይኤክስ ላይም "ቢኤንዲ" የሚለው የፒኤስ ኮለም የታሰረበትን ነው የሚናገረው። አሮጌ የቴሌኮም ወይም የባንክ ሲስተም ላይ የምትሠሩ እነዚህን ታገኟቸዋላችሁ።

ቁጥሩን አገኛችሁ እንበል፣ "ፕሮሰሰር 9"። 9 ማን ነው? ይሄን ኤችቶፕ ብቻውን አይመልስም። ኤልኤስሲፒዩን "ሰረዝ ኢ" ብላችሁ አስኬዱት። በየመስመሩ ቁጥሩ፣ የትኛው ኮር ውስጥ እንደሆነ፣ የትኛው ሶኬት ላይ እንደሆነ፣ የትኛው የሜሞሪ ክልል እንደሆነ ይዘረዝራል። አንዱን ኮር እንደ ሁለት ፕሮሰሰር የሚያስቆጥረው ሃይፐርትሬዲንግ በበራበት ማሽን ሁለት ቁጥሮች አንድ ኮር ይጋራሉ። ብዙ የኢንቴል ማሽን ላይ ለምሳሌ 8 ኮር 16 ትሬድ ካለ 1 እና 9 አንድ ኮር ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ሁለት ከባድ ፕሮግራሞች አንዱ 1 ላይ ሌላው 9 ላይ ካሉ የተለያየ ቦታ ያሉ ይመስላል፣ እውነቱ ግን አንዱን ኮር እየተሻሙ ነው። አሰላለፉ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ በግምት አትሂዱ፣ ኤልኤስሲፒዩን ጠይቁት። ሁለት ሶኬት ያለው ሰርቨር ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ አንደኛው ሶኬት ላይ እየሠራ ሜሞሪው በሌላኛው ሶኬት በኩል ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ያዘገየዋል። ለዚህ ኑማስታትን ከፕሮግራሙ ቁጥር ጋር አስኬዱት፣ ሜሞሪው በየትኛው ክልል ስንት ሜጋባይት እንደያዘ ያወጣል።

የተከራያችሁት ሰርቨር ቨርችዋል ከሆነ፣ ማለትም አንድ እውነተኛ ማሽን ከሌሎች ጋር የምትጋሩ ከሆነ፣ የምታዩት ቁጥር የቨርችዋል ፕሮሰሰር ቁጥር ነው። ከሥር ያለው እውነተኛ ማሽን ያንን ቨርችዋል ፕሮሰሰር ወዴትም ሊያዘዋውረው ይችላል፣ እናንተ አታዩትም። ማየት የምትችሉት የተሰረቀውን ጊዜ ነው፣ ቶፕ ላይ "ኤስቲ" በሚል ይወጣል። እሱ ከፍ ካለ ጎረቤት እየበላባችሁ ነው፣ የእናንተን ፕሮግራም የፈለጋችሁት ኮር ላይ ብታስሩት ለውጥ የለውም። ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተከለለ ቦታ በሚያስኬደው ዶከር ውስጥ ኤችቶፕን ብትከፍቱ ደግሞ የአስተናጋጁ ማሽን ፕሮሰሰሮች በሙሉ ይታያሉ፣ ለኮንቴይነሩ የተፈቀዱት ሁለት ብቻ ቢሆኑም። በስሞል ኤ የተፈቀዱትን እዩ፣ ወይም ኤንፕሮክን ጠይቁ፣ እሱ የተፈቀደላችሁን ቆጥሮ ነው የሚመልሰው።

አሁን ለእኛ ሰው የሚጠቅም ነገር። ብዙዎቻችን ሰርቨሩ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ሆኖ እኛ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ በሞባይል ዳታ ነው የምንገባው። መስመሩ ሲደክም ኤችቶፕ በየ1.5 ሰከንዱ ስክሪን መላኩ ይጎተታል። ስትከፍቱት "ሰረዝ ዲ 50" በሉት፣ ቁጥሩ በሰከንድ አሥረኛ ስለሆነ በየ5 ሰከንዱ ብቻ ይታደሳል ማለት ነው። ብዙ ሺህ ትሬድ ባለበት ሰርቨር ላይ ይሄ ለሰርቨሩም እረፍት ነው፣ ኤችቶፕ በታደሰ ቁጥር የእያንዳንዱን ፋይል ስለሚያነብ ራሱም ይበላል። ከስልክ የምትገቡ ደግሞ የኤፍ ቁልፎች እንደማይመቹ ታውቃላችሁ። ሁሉም ምትክ አላቸው። ለማስተካከያ ካፒታል ኤስ፣ ለዛፍ ስሞል ቲ፣ ለፍለጋ ያጋደለው መስመር፣ ለመውጣት ኪው። ዴስክቶፕ ላይም አንዳንድ ተርሚናል ኤፍ10ን ለራሱ ሜኑ ስለሚወስደው ኪውን ልመዱ።

ብዙ ሰርቨር ካላችሁ ማስተካከያውን በየአንዱ መድገም አያስፈልግም። ኤችቶፕ ምርጫችሁን የሚያስቀምጠው በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ፣ ኮንፊግ በሚለው ሥር፣ "ኤችቶፕአርሲ" በሚባል ፋይል ነው። አንዱን በደንብ አስተካክላችሁ ለሌሎቹ ቅዱት። የኤችቶፑ ቅጂ ተቀራራቢ ይሁን፣ በጣም የቆየው የአዲሱን አንዳንድ መስመር አያውቀውም። በሱዶ ስትከፍቱት የሩትን ፋይል ሊያነብ ስለሚችል እዚያም አንድ ቅጂ አኑሩ። ስትቀዱ ኤችቶፕ የተዘጋ ይሁን፣ ክፍት ከሆነ የራሱን መልሶ ሊጽፍበት ይችላል።